የቄሣር ወታደሮች ያልለበሱት ጥሩር

«የሮማ ወታደር» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ምስል አንድ ነው። ቀይ ቀሚስ፣ ትልቅ ቀይ ጋሻ፣ ጉንጭ የሚሸፍን ራስ ቁር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በደረትና በትከሻ ላይ እየተደራረበ የሚከብ የሚያብረቀርቅ የብረት ዝርግ። የዛሬው ወጣት ይህን ምስል በአብዛኛው ያገኘው ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም። ከፊልምና ከኮምፒውተር ጌም ነው።

ምስሉ ፈጽሞ ውሸት አይደለም፤ እንዲህ የለበሱ ወታደሮች ነበሩ። ስህተቱ ያለው ዘመኑ ላይ ነው። ሃኒባልን የተዋጉት ሮማውያን ይህን ጥሩር አልለበሱም። ከዩልየስ ቄሣር ጋር ጋውልን፣ ማለትም የዛሬዋን ፈረንሳይ፣ የወረሩትም አልለበሱም። ሮማ የሜዲትራኒያንን ዳርቻ ዙሪያውን ጠቅልላ የያዘችው ይህ ልብስ በመሬት ውስጥ ቅሪቱን ከመተዉ በፊት ነው። ዓለምን አሸነፈ የሚባለው ጥሩር የተገኘው ዓለም ከተሸነፈ በኋላ ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ጌም ነው እንጂ የታሪክ ፈተና አይደል» የሚል ይኖራል። ችግሩ ከብረቱ አልፎ ይሄዳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

*ጌሙ ምን ያሳያል?*

የእንግሊዙ ክሪኤቲቭ አሴምብሊ እ.ኤ.አ. በ2004 «ሮም፦ ቶታል ዋር» የተሰኘውን የስትራቴጂ ጌም አወጣ። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 14፣ አውግስጦስ ቄሣር እስከሞተበት ዓመት ድረስ፣ ከተማ ይገነባል፣ ጦር ያሠለጥናል፣ ይዋጋል። በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮችን በአንድ ሜዳ ላይ ማየት ተአምር ነበር። በሮማ ታሪክ ፍቅር የወደቁ ብዙ ሰዎች በዚህ በር ነው የገቡት።

በጌሙ መጀመሪያ ላይ ተጫዋቹ ያለው የጥንቱ ጦር ነው፦ ሃስታቲ፣ ፕሪንኪፔስ፣ ትሪያሪ። ከዚያ በኢጣሊያ ካሉት ከተሞቹ አንዱ አድጎ ትልቁን ቤተ መንግሥት ሲያስገነባ አንድ መልእክት ብቅ ይላል፦ የማሪየስ ማሻሻያ ተደረገ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የድሮዎቹን መመልመል አይቻልም። አዲሱ የሌጌዎን ጦር ይመጣል። መጀመሪያ የቀለበት ጥሩር የለበሰው፣ የጦር ሰፈሩ ደረጃ ሲያድግ ደግሞ ያ የሚያብረቀርቅ የዝርግ ብረት የለበሰው።

መልእክቱ የሚመጣው በከተማው ዕድገት እንጂ በዓመቱ አይደለም። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ይህን ጦር ከእውነተኛው ዘመኑ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ሊያሰልፈው ይችላል። ጌሙ ከሚሸፍናቸው 280 ያህል ዓመታት ውስጥ የዝርግ ብረት ጥሩር በትክክል የሚገባው በመጨረሻዎቹ 30 ዓመታት ገደማ ብቻ ነው።

ነገሩ በጌም ብቻ ቢቆም ባልከፋ። በዚያው ሰሞን የቢቢሲው «ታይም ኮማንደርስ» እና የሂስትሪ ቻናሉ «ዲሳይሲቭ ባትልስ» የጥንት ጦርነቶችን ለተመልካች ያሳዩት በዚሁ ጌም ሞተር ነበር። የጌሙ ተጫዋች ቢያንስ እየተጫወተ መሆኑን ያውቃል። የቴሌቪዥኑ ተመልካች ግን የቀረበለት «ታሪክ» ተብሎ ነው።

*እውነተኛው ልብስ*

በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ጥሩር» የሚባለው የጦር ልብስ በሮማውያን ዘንድ ቢያንስ ሦስት ዋና ዓይነት ነበረው። አንደኛው በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ የብረት ቀለበቶች እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠራው ነው፤ በላቲን ሎሪካ ሃማታ ይባላል። ሁለተኛው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደረደሩ ትንንሽ ብረቶች የሚሠራው ሎሪካ ስኳማታ ነው። ሦስተኛው ሰፋፊ የብረት ዝርጎች ከውስጥ በቆዳ ማሰሪያ ተያይዘው አካልን የሚከቡበት ነው። ዛሬ ሎሪካ ሴግሜንታታ እየተባለ የሚጠራው ይኸው ሦስተኛው ነው። ስሙ ራሱ ሮማዊ አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ምሁራን ያወጡለት ነው። ሮማውያን በምን ስም እንደጠሩት የሚናገር የዘመኑ ጽሑፍ አልተገኘም።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሮማ ውስጥ ኖሯል፤ ጦሯንም በዓይኑ አይቷል። እሱ እንደጻፈው አብዛኛው እግረኛ ደረቱ ላይ የሚያስረው ስንዝር በስንዝር የሚሆን የነሐስ ሰሌዳ ነበር። የቀለበት ጥሩር የሚለብሱት ሀብታቸው ከ10,000 ድራክማ በላይ የተገመተ ሰዎች ናቸው። ካርታጎን ያጠፋውና መቄዶንያን የሰበረው ጦር ይህ ነው። ከተሰለፈው ሠራዊት ብዙው ጎኑ፣ ሆዱና ጀርባው ያለ ብረት ነበር።

የቀለበት ጥሩር በኋላ እየተስፋፋ ሄዶ የሌጌዎኑ ዋና ልብስ ሆነ። የቄሣር ወታደሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ58 እስከ 50 ጋውል ውስጥ ሲዋጉ የለበሱት ይህን ነው።

የዝርግ ብረቱ ጥንታዊ ስብርባሪ የተገኘው ጀርመን ውስጥ ዳንግሽቴተን በተባለ የሮማ ጦር ሰፈር ነው። ሰፈሩ አገልግሎት የሰጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ15 እስከ 9 ገደማ ነበር። ቄሣር ከተገደለ ከ30 ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በዚያው በጀርመን ካልክሪዘ በተባለ ቦታ ከሁሉ የቀደመና ሙሉ ሊባል የሚችል አንድ ጥሩር ወጣ። ቦታው እ.ኤ.አ. በ9 የጀርመን ጎሣዎች የቫሩስን ሦስት ሌጌዎኖች ከደመሰሱበት ውጊያ ጋር የሚያያዝ ነው።

የዝርግ ብረቱ መጣ ማለት ግን የቀለበቱ ቀረ ማለት አይደለም። ሁለቱም፣ ቅርፊቱም ጭምር፣ በአንድ ዘመን፣ ምናልባትም በአንድ ሌጌዎን ውስጥ፣ ጎን ለጎን ይለበሱ ነበር።

*አንድ ዐምድ ዓለምን እንዴት አሳመነ?*

ታዲያ የዝርግ ብረቱ እንዴት የሮማ መታወቂያ ሆነ? መልሱ ያለው ሮማ ከተማ መሐል ነው። ንጉሠ ነገሥት ትራያን ዳሲያን፣ ማለትም የዛሬዋን ሮማኒያ፣ ድል ያደረገበት መታሰቢያ ዐምድ እ.ኤ.አ. በ113 ተመረቀ። ከ2,000 በላይ የሰው ምስሎች በእብነ በረድ ላይ እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ይወጣሉ። በዚያ ላይ ሮማዊ ዜግነት ያላቸው የሌጌዎን ወታደሮች ዝርግ ብረት ለብሰዋል፤ ከየጎሣው የተመለመሉት ረዳት ወታደሮች ደግሞ የቀለበት ጥሩር። ለዓይን ግልጽ፣ ለማስታወስ ቀላል ነው።

ነገር ግን ስለዚያው የዳሲያ ጦርነት የሚናገር ሌላ መታሰቢያ አለ። በዛሬዋ ሮማኒያ አዳምክሊሲ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ109 የቆመው ነው። እዚያ የተቀረጹት የሌጌዎን ወታደሮች የቀለበትና የቅርፊት ጥሩር ነው የለበሱት። የቀኝ ክንዳቸውም በብረት ተሸፍኗል። ሥራው እንደ ሮማው ዐምድ የረቀቀ አይደለም። ግን የተሠራው ጦርነቱ በተካሄደበት አካባቢ፣ ወታደሩ በሚታይበት ድንበር ላይ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ዝነኛ ሆነ? በዋና ከተማው ያለው። ከህዳሴ ዘመን ጀምሮ ሠዓሊዎች ወደ ሮማ እየሄዱ ዐምዱን ገለበጡ። የእነሱን ሥዕል የመጽሐፍ ሠዓሊዎች ወረሱ፣ ከእነሱ ፊልም ሠሪዎች፣ ከፊልም ሠሪዎች ደግሞ ጌም ሠሪዎች። ስለዚህ ጌም ሠሪዎች ስህተቱን አልፈጠሩትም፤ ወረሱት እንጂ።

እንዲያውም ቀራጩና ጌም ሠሪው የገጠማቸው ችግር አንድ ነው። ቀራጩ 30 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ዐምድ ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው «ይህ ዜጋ ነው፣ ያ ረዳት ነው» ብሎ ማሳየት ነበረበት። ጌም ሠሪው ከሰማይ ሆኖ ሜዳውን ቁልቁል ለሚያይ ተጫዋች «ይህ ምርጡ ጦርህ ነው፣ ያ ተራው ነው» ብሎ ማሳየት አለበት። ሁለቱም ልብሱን እንደ ምልክት ተጠቀሙበት። ምልክት መሆኑ ተረስቶ ማስረጃ ሲባል ነው ችግሩ የሚጀምረው።

*መሰላል የሌለበት መሰላል*

ለጌም ሠሪዎች ፍትሕ መስጠት ይገባል። በ2004 የነበረ ኮምፒውተር ለያንዳንዱ ወታደር የተለየ ልብስ ሊሥል አይችልም ነበር፤ አንድ ክፍለ ጦር አንድ ቅርጽ ነው። በ2013 የወጣው «ሮም 2» በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን ወታደሮች ፊትና ትጥቅ ማለያየት ችሏል። የቴክኒክ ገደብ ከጊዜ ጋር ይፈታል።

የማይፈታው የጌሙ አስተሳሰብ ነው። በስትራቴጂ ጌም ውስጥ ሁሉ ነገር መሰላል ነው፦ ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት፣ ደረጃ ሦስት። የቀለበት ጥሩር ዝቅተኛ፣ የዝርግ ብረት ከፍተኛ። አዲስ ማለት የተሻለ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

በምድር የተገኘው ማስረጃ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1964 በሰሜን እንግሊዝ ኮርብሪጅ፣ ከሃድሪያን ግንብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ አንድ ብረት የታሰረ የእንጨት ሣጥን ተቆፍሮ ወጣ። በውስጡ የዝርግ ጥሩር ክፍሎች ነበሩበት። የለንደን ታወሩ የጦር ልብስ ባለሙያ ራስል ሮቢንሰን እና ቻርልስ ዳንኤልስ ልብሱ በእውነት እንዴት ይገጣጠም እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የፈቱት ከእነዚህ ነው። ክፍሎቹን ቀርበው ያዩ ባለሙያዎች ያስተዋሉት አንድ ነገር የጥገናው ብዛት ነው። ማጠፊያዎቹና መቆለፊያዎቹ ከስስ ነሐስ የተሠሩ ስለነበሩ ቶሎ ይሰበራሉ። አንዳንዱ ወልቆ በተራ ሚስማር ተመትቶ ተያይዟል።

ዝርግ ብረቱ ከቀለበቱ ቀለል ይላል፤ ትከሻ ላይ የሚያርፍን ከባድ ምትም በደንብ ይመልሳል። በአንጻሩ የቀለበቱ ጥሩር ለወፍራሙም ለቀጭኑም ይሆናል፣ ይጠቀለላል፣ ሲቀደድ ጥቂት ቀለበት ተክቶ መልበስ ይቻላል፣ ለዓመታትም ያገለግላል። ሁለቱም የራሳቸው ጥቅምና ጉዳት አላቸው። መጨረሻው ደግሞ ጌሙ ከሚያስተምረው ተቃራኒ ነው፦ ዝርግ ብረቱ ከ3ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ እየጠፋ ሄደ፤ «ዝቅተኛ» የተባለው የቀለበት ጥሩር ግን ሮማን ተሻግሮ እስከ መካከለኛው ዘመን ዘለቀ።

*ከምስሉ የተሰረዙት ሰዎች*

አንድ ዓይነት የለበሰ ጦር በተደጋገመ ቁጥር ከታሪኩ የሚሰረዙ ሰዎች አሉ።

በመጀመሪያ የተሰረዙት የተሸነፉት ናቸው። የቀለበት ጥሩርን ሮማውያን አልፈለሰፉትም፤ የሮማው ምሁር ቫሮ ራሱ የጋውሎች ፈጠራ ነው ብሎ ጽፏል። በሮማኒያ ቹሜሽቲ የተገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት የ3ኛው ክፍለ ዘመን የኬልት መቃብርም ይህንኑ ጥሩር በውስጡ ይዟል። ሮማውያን አጭሩን ጎራዴ ራሳቸው «የስፔን ጎራዴ» ይሉት ነበር። የራስ ቁሮቻቸውም ብዙዎቹ መነሻቸው የጋውል ሥራ ነው። በጌሙ ውስጥ ጋውሉ ራቁት ደረቱን እየጮኸ ይመጣል፤ ሮማዊው በብረት ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። በእውነቱ ብረቱን የሰጠው ጋውሉ ነው።

ሁለተኛው የተሰረዘው ተራው ወታደር ነው። በጌሙ ወታደር ከመንግሥት ፋብሪካ ለብሶ ይወጣል። ታሲተስ ግን እ.ኤ.አ. በ14 በፓኖኒያ ያመፁት ወታደሮች ያሰሙትን ምሬት መዝግቧል፦ ደመወዛቸው በቀን አሥር አስ ነው፤ ከዚያችው ላይ ልብስ፣ መሣሪያና ድንኳን ይገዛሉ። አስ የሮማ የመዳብ ሳንቲም ነው። ወታደሩ ትጥቁን በራሱ ገንዘብ ይከፍል ስለነበር ስሙን ይጽፍበታል፤ ሲሸጠው ወይም ሲሞት ደግሞ ሌላው ይጽፍበታል። አንድ ራስ ቁር የብዙ ሰዎችን ስም ተሸክሞ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በሰሜን እንግሊዝ ከታይን ወንዝ የወጣ አንድ የጋሻ እምብርት የ8ኛው አውግስጣ ሌጌዎን አባል የዩኒየስ ዱቢታተስ መሆኑን እስከ ዛሬ ይናገራል። እንዲህ ባለ ጦር ውስጥ አያቱ የገዛውን የቀለበት ጥሩር የለበሰ፣ አዲስ ዝርግ ብረት ከገዛ ጎረቤቱ ጋር ቢሰለፍ ምን ይገርማል?

ሦስተኛው የተሰረዘው ጊዜ ነው። ማሪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ107 ንብረት የሌላቸውን ድሆች ለጦርነት መልምሏል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጦሩን፣ ትጥቁን፣ አደረጃጀቱን በአንድ ጊዜ የለወጠ «ታላቅ ማሻሻያ» መኖሩን ዛሬ ብዙ የታሪክ ምሁራን አይቀበሉም። ለውጡ ከእሱ በፊት ጀምሮ ከእሱ በኋላ የቀጠለ፣ ብዙ ትውልድ የፈጀ ነበር። ጌሙ ይህን ሁሉ በአንድ መልእክት ጨረሰው። «አንድ ታላቅ ሰው መጣ፣ አዋጅ አወጣ፣ አገር በአንድ ሌሊት ተለወጠ» የሚለውን ተረት የሚያምን አእምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። የዛሬን ፖለቲካ በዚሁ ዓይን የሚያይ ሰው ከየት እንደተማረው ላያውቅ ይችላል።

*ዐምድ የሌላቸውስ?*

ሮማ ዕድለኛ ናት። ጌም ቢሳሳት ዐምድ አላት፣ የኮርብሪጅ ሣጥን አላት፣ ሶርያ ውስጥ በዱራ ዩሮፖስ የተገኘና ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ ያለ ሥዕሉ ያልጠፋ የእንጨት ጋሻ አላት። ስህተቱ የሚታረመው ማስረጃው ስላለ ነው። «ዩሮፓ ባርባሮረም» የተባለውን የ«ሮም፦ ቶታል ዋር» ማሻሻያ የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ ዓመታት ደክመው የሮማን ጦር ለውጥ በአንድ መልእክት ፋንታ በበርካታ ደረጃዎች ከፋፍለው አሳይተዋል።

ሌሎች ሕዝቦች ግን ይህ ዕድል የላቸውም። በዚያው በ2004ቱ ጌም ግብፅ የቀረበችው ከሺህ ዓመት በፊት በነበሩት ፈርዖኖች ልብስና ሠረገላ ነው። በዘመኑ ግብፅን ይገዙ የነበሩት ግን የመቄዶንያ ዘር የሆኑት ጰጥሎሜዎስያን ናቸው። ሮማ በመቶ ዓመት ስትሳሳት፣ ግብፅ በሺህ ዓመት ተሳሳተች።

ነገሩ ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። «ቶታል ዋር፦ አቲላ» በአንድ ተጨማሪ ክፍሉ አክሱምን አስገብቷል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያውያንን ሲጨምር መለያቸው ያደረገው ሾተል የያዘ ፈጣን እግረኛን ነው። በ2025 የወጣው «ሲቪላይዜሽን 7» ውስጥም አክሱም አለች። መካተቷ ደስ ይላል። ግን የአክሱም ወታደር ምን ለብሶ ነበር? የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ ዘመቻዎቹን ይተርካሉ፤ የሠራዊቱን ልብስ ግን አይሥሉም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መመሪያ በአዱሊስ ወደብ በኩል ለጦር መሥሪያ የሚሆን ብረትና ጎራዴዎች ይገቡ እንደነበር ይናገራል። ዐምድ ግን የለም፣ ሣጥንም የለም።

እንዲህ ባለ ቦታ የሠዓሊው ግምት የሚሞግተው አያገኝም። አንድ ሾተል የሺህ ዓመት ታሪክ መለያ ሲሆን፣ ዝርግ ብረት በሮማ ላይ የሠራውን በኢትዮጵያም ላይ ይሠራል። ልዩነቱ ሮማን የሚያርማት ብዙ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጌም የሚጫወተውም፣ ጌም መሥራት የጀመረውም የአገር ልጅ ከአሁኑ ሊለምደው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ይህ ልብስ የየትኛው ዓመት ነው? ማን ከፈለበት? ከማን ተወሰደ?

ስለ ጥሩሩ ኃይል የመጨረሻውን ቃል ካልክሪዘ ትናገር። እዚያ የተገኘው ያ ሙሉ የዝርግ ብረት ጥሩር በዘመኑ አዲስ፣ በጌም ቋንቋ «ከፍተኛ ደረጃ» ነበር። ከጥሩሩ ጋር የወጣው ሌላ ብረት ግን እጅና አንገትን አንድ ላይ የሚጠፍር የእስረኛ ማነቆ ነው። ቆፋሪዎቹ ለባሹ ከውጊያው በኋላ ተማርኮ የሞተ ሳይሆን እንደማይቀር ገምተዋል። በጌሙ ውስጥ የማይሸነፈው ሰው በእውነተኛው ታሪክ ምርኮኛ ሆኖ ሳይሞት አልቀረም።